የኒቢያ ሁለት ባልዲዎች

«እጅሽ ነው የገደላቸው» ሲል ሰማችው። ዙልማ የበሩን ደወል ልትጫን ጣቷን ዘርግታ ነበር፤ ጣቷ እንደተዘረጋ ቀረ። የሚናገረው ታናሽ ወንድሟ ኤልቢዮ ነው፤ የሚናገረውም ለሚስቱ ለኢሪስ። አልጮኸም። ወደብ ላይ ሲሠራ ወገቡን ከተጎዳ ወዲህ መጮህ ያመዋል፤ ስለዚህ ክፉ ነገር ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ድንጋይ እንደሚደረድር ሰው ቃሉን አንድ ባንድ ያስቀምጠዋል። መብራቱ እኩል ነው አለ። ማዳበሪያውን እኔ ራሴ ለክቼ ለስድስቱም ተክል እኩል ነው የምሰጠው አለ። ውሃው የሚቀዳው ከአንድ ቧንቧ ነው አለ። «እናቴ የያዘቻቸው ሁለቱ እንደ ሰላጣ ለምልመዋል። አንቺ የያዝሻቸው አራቱ እየሞቱ ነው። ከእጅሽ ሌላ ልዩነቱ ምንድን ነው? እስቲ ንገሪኝ።» ከኢሪስ በኩል የተሰማው ሳህን ከሳህን ሲጋጭ ብቻ ነው።

ከጎን ባለው ቤት ደጃፍ ላይ ጎረቤቱ ዶን ሩፊኖ ያቺን የሐምሌ ፀሐይ ቁራጭ ሽሚያ ይመስል ወንበራቸውን አስጠግተው ተቀምጠዋል። ቴርሞሳቸውን በብብታቸው ሸጉጠው፣ ማቴ የሚሉትን የቅጠል ሻይ ከቅሉ በብረት መምጠጫ እየሳቡ ነበር። ዙልማን ሲያዩ በአንገታቸው ሰላም አሏትና ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው «ከጠዋት ጀምሮ ነው» አሏት። ከዚያ ቅሉን አሳዩአትና ፊታቸውን አጨፈገጉ፤ ማቴው ጨው ጨው ይላል ማለታቸው ነው። በዚያ ዓመት በሞንቴቪዴዮ ይኼ ምልክት ሰላምታ ሆኖ ነበር። ግድቡ በድርቅ ተሟጦ፣ የቀረችውን ውሃ ለማብዛት ከታች፣ ወንዙ ከባሕር ከሚቀላቀልበት ቦታ እየሳቡ ይደባልቁበት ነበር፤ እና ቧንቧ የከፈተ ሁሉ ጨው ይቀዳል። ለፓስታ ጨው መግዛት ቀረልን እያለ የሚቀልድም ነበር። ቀልዱ የመጀመሪያው ወር ላይ ያስቅ ነበር።

ዙልማ ደወሉን ተጫነች። የከፈተችላት ኢሪስ ናት። እጇ እርጥብ ስለሆነ በክርኗ አቀፈቻትና ጉንጯን ሳመቻት፤ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ዙልማም የሰማችውን እንዳልሰማች ሆና በወረቀት የተጠቀለለውን ብስኩት አቀበለቻት። እንድትመጣ የጠራቻት ኢሪስ ነበረች እንጂ ኤልቢዮ አይደለም። ሐሙስ ዕለት ከምታጸዳው ትምህርት ቤት ሆና ደውላ «እሁድ ነይ፤ ዓይንሽንም ይዘሽ ነይ» ብቻ ብላት ስልኩን ዘጋች። ዙልማ ከከተማው ወጣ ባለ የአበባ እርሻ፣ በላስቲክ ቤት ውስጥ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርታለች። ቅጠል ሲታመም ከሠራተኛው ሁሉ አስቀድሞ የሚገባው ለእሷ ነው። ወንድሟ ግን ይህን እያወቀ አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅም፤ የሚጠይቀው ማዳበሪያ የሚሸጥለትን፣ ጆሮው ላይ ሦስት ቀለበት ያደረገውን የሱቅ ልጅ ነው። ለታላቅ እህት ጥያቄ ማቅረብ ለኤልቢዮ ገንዘብ ከመበደር ይብሳል።

ቤቱ ላ ቴሃ ከሚባለው የሠራተኛ ሰፈር ነው፤ ረጅም፣ ጠባብ፣ ክፍሎቹ እንደ ባቡር ፉርጎ አንዱ ካንዱ ኋላ የተቀጠሉ፣ በጎናቸው ጠባብ ኮሪደር የሚያልፍ። ከደጅ ሲገቡ መጀመሪያ የባልና ሚስቱ መኝታ፣ ቀጥሎ ድሮ ምግብ ይበላበት የነበረው ክፍል፣ ቀጥሎ የእናታቸው የኒቢያ መኝታ፣ መጨረሻ ላይ ኩሽናና የነዳጅ ማጣሪያው ረጅም ጭስ ማውጫ የሚታይበት ትንሽ ጓሮ። ድሮ ምግብ የሚበላበት ክፍል አሁን የተክሎቹ ነው። ግድግዳው ላይ በሕግ የተፈቀደለት መሆኑን የሚናገር ወረቀት በመርፌ ተሰክቷል፤ ስድስት የካናቢስ ተክል፣ ከዚያ አይበልጥም። ስድስቱም ታቻቸው በተበሳ ነጭ የቀለም ባልዲዎች ውስጥ፣ በጣሪያው ላይ በተንጠለጠለ ደማቅ መብራት ሥር ቆመዋል። አራቱ በመስኮቱ በኩል፣ ሁለቱ በእናታቸው በር በኩል። ኤልቢዮ ከእነሱ ከሚያወጣው ዘይት ማታ ማታ ጥቂት ጠብታ ከምላሱ ሥር ያደርጋል። የሐኪም ክኒን ጨጓራውን ከበላው በኋላ እንቅልፍ ያስተኛው ነገር ቢኖር ይኼ ብቻ ነው።

ኤልቢዮ ምርኩዙን ተደግፎ እየመራ አስገባት። እንኳን ደህና መጣሽ አላት፤ እሷም አንተስ እንዴት ነህ አለችው። የመስኮቱ ደፍ ላይ ሰባት ትናንሽ ጠርሙሶች ተሰልፈዋል። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ብረት ጎድሎት ነው ብሎ የሱቁ ልጅ አንዱን ሸጠለት። ጫፉ ሲነድ ካልሲየም ነው ብሎ ሌላውን ሸጠለት። በጅማቶቹ መሃል ሲገረጣ ማግኒዥየም ነው አለው። እያንዳንዷ ጠርሙስ ከስድስት መቶ ፔሶ በታች አትገኝም። ኤልቢዮ ይህን ሲተርክ በኩራት ነው፤ ምንም አላጎደልኩባቸውም ለማለት። «እንግዲህ እኔ ያልሰጠኋቸው ነገር የለም» አለ፣ ኩሽና ድረስ በሚሰማ ድምፅ።

ዙልማ መነጽሯን አደረገች። የሥራዋ ደንብ አንድ ነው፤ የታመመውን ቅጠል ከማየት በፊት ሕመሙ ከየት እንደጀመረ ማየት። ጎንበስ ብላ ከታች ጀመረች። የምግብ ረሃብ ቢሆን ኖሮ የታችኞቹ ቅጠሎች አንድ ላይ፣ እንደ ታጠበ ጨርቅ፣ ከዳር እስከ ዳር ይገረጡ ነበር። እነዚህ ግን መሃላቸው ደህና አረንጓዴ ነው፤ የነደዱት ጫፋቸውና ጠርዛቸው ነው፣ ሻማ ላይ እንደተያዘ ወረቀት። ብረት ጎድሏቸው ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚያለቅሱት ጫፍ ላይ ያሉት ለጋዎቹ በሆኑ፤ ለጋዎቹ ግን ከቀሩት ይሻላሉ። ቅጠሉን ገለበጠች፤ ተባይ የለም። ከዚያ ባልዲውን በሁለት እጇ ይዛ ከመሬት ትንሽ ከፍ አደረገችው። ከበዳት። እንዲህ የከበደ ባልዲ ውሃ የጠገበ ነው፤ ተክሉ ግን የጠማው ይመስል ጠውልጓል።

«ሲጠወልጉ ታያላችሁ፣ ታጠጣላችሁ» አለች።

«ታድያ ሲጠማቸው ላያቸው ነው?» አለ ኤልቢዮ። «በየቀኑ አጠጪ አልኳት።»

ኢሪስ በሩ ላይ ቆማ እጇን በሽርጧ ትጠርግ ነበር። ዙልማ ዞር ብላ ስንት እንደምታጠጣቸው ጠየቀቻት። በፊት በፊት በሦስት ቀን አንዴ ነበር አለች ኢሪስ፤ እሱ በየቀኑ ካለ ወዲህ በየቀኑ አንድ አንድ ሊትር። ባለቤቷን ሳታይ ነው የተናገረችው። ዙልማ ጣቷን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ሰደደችና አወጣችው፤ አሸተተችው፤ ሥሩ ገና አልበሰበሰም። ከባልዲው ከንፈር ዙሪያ ነጭ ነገር ተጋግሯል፣ የሸክላ ስንጥቅ ላይ እንደሚወጣ ዓይነት። በጥፍሯ ፋቀችና ምላሷ ላይ አደረገችው። ኤልቢዮ ፊቱን አዞረ። ጨው ነው፤ ከጨውም በኋላ የማዳበሪያው መራራ።

አሁን ነገሩ ገብቷታል። ጨው ውሃ በየቀኑ ይጨመራል፤ ተክሉ ውሃውን ይጠጣል፣ የቀረውን መብራቱና የጋዝ ማሞቂያው ያደርቁታል፣ ጨው ግን የትም አይሄድም፤ ባልዲው ውስጥ ይከማቻል። በዚያ ላይ ሰባት ጠርሙስ ማዳበሪያ፣ እሱም የራሱ ጨው። ሥሩ በውሃ መሃል ቆሞ መጠጣት ያቅተዋል። ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ጠማው ይባላል፤ ሌላ ጨው ይጨመርለታል። እርሻቸው ላይ ጉድጓድ ስላለ ይህን ሕመም ዘንድሮ አላየችም፤ ግን ታውቀዋለች። ልትናገር አፏን ከፍታ በእናቷ በር በኩል ያሉትን ሁለቱን አየችና አፏን መልሳ ዘጋች። ምክንያቱም ጨው ከሆነ እነሱም መንደድ ነበረባቸው።

ወደ እነሱ ሄደች። የመጀመሪያውን ባልዲ አነሳችው፤ ቀሎ ተነሳላት፤ በልክ የሚጠጣ ተክል ክብደት። ቅጠሎቹ እጃቸውን ለጸሎት እንደዘረጉ ሁሉ ወደ መብራቱ ቀንተዋል። ከንፈሩ ዙሪያ ነጭ ነገር የለም። ጣቷን ሰደደች፣ አፈሩን ላሰችው፤ አፈር አፈር ይላል፣ ከኋላው ትንሽ የማዳበሪያ ምሬት፤ ጨው ግን የለም። እነዚህን ማን ያጠጣቸዋል ብላ ጠየቀች፣ ቅድም በር ላይ ሆና ሰምታ ሳለ። እናታችን ናት አለ ኤልቢዮ፤ ከሁለት ወር በፊት ቀኑ አልገፋ አለኝ፣ ሁለቱን ለኔ ተዉልኝ፣ በእነሱ እጫወታለሁ አለች። «ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ዓይኗ ፈዟል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ እና እይ እንዴት እንደያዘቻቸው። ፍቅር ያለው እጅ ያስታውቃል።» የመጨረሻዋን የተናገረው ወደ በሩ ነው። ኢሪስ ግን በሩ ላይ አልነበረችም፤ ወደ ወጧ ተመልሳለች።

ዙልማ ለወንድሟ ምንም ሳትለው የእናቷን በር ገፋ አድርጋ ገባች።

ኒቢያ አልጋዋ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ከሬዲዮ የእግር ኳስ ወሬ ትሰማለች። ክፍሉ ትንሽ ነው፤ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ የሟች ባሏ ፎቶ፣ ከቁም ሳጥኑ ጎን ባለ ስድስት ሊትር የታሸገ ውሃ። እንደ እሷ ደም ግፊት ላለባቸው ሽማግሌዎች የቀን ሁለት ሁለት ሊትር መግዣ ከመንግሥት ተፈቅዶ ነበር፤ በሦስት ቀን አንድ ትልቅ ጠርሙስ መሆኑ ነው። ከማዕዘኑ ሱቅ ተሸክማ የምታመጣው ኢሪስ ናት። ለሌላው የቤቱ ሰው የቧንቧው ይበቃዋል ተብሎ ተወስኗል፤ ጠርሙሱ ከመቶ ፔሶ በላይ ነው፣ በዚያ ላይ ተፈልጎ ላይገኝ ይችላል። ዙልማ እናቷን ሳመቻትና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስለ ብርዱ አወሩ። የአክስታቸው ልጅ ቤቷን ስለ መሸጧ አወሩ። እናቷ የጨርቅ ጫማዋን ጎኑን በመቀስ ቀዳዋለች፤ እግሯ ከቀዳዳው ወጥቶ እንደ ዳቦ ሊጥ ተነፍቷል። ዙልማ እግሩን አየችው፤ ጠርሙሱን አየችው፤ ከሬዲዮው አጠገብ በሳህን የተከደነውን ብርጭቆ አየችው።

«ጠማኝ» አለችና ብርጭቆውን አንስታ ተጎነጨች። ጨው ነው።

ኒቢያ ዓይኗን ከሬዲዮው አላነሳችም። «የሰው ብርጭቆ ሳይጠይቁ አይጠጣም» አለች።

«ይኼን ከየት ነው የቀዳሽው እማዬ?»

«ከኩሽና።»

«ጠርሙሱስ?»

«ጠርሙሱ ሥራ አለው።»

ሬዲዮው ላይ ጎል ለጥቂት ሳተ፤ አስተላላፊው ተንገበገበ። ኒቢያ ድምፁን ቀነሰችው። ከዚያ ልጇን ዓይን ዓይኗን እያየች፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሁሉ ረጋ ብላ ነገረቻት። ባለፈው መጋቢት ዘይቱ ያለቀበት ጊዜ ነበር፤ ሦስት ሳምንት። ይኼ ግድግዳ የሲጋራ ወረቀት ነው። ኤልቢዮ ሚስቱ እንዳትሰማ ትራስ ነክሶ ያድር ነበር፤ ሚስቱም እንዳልሰማች ሆና ታድር ነበር፤ እሷ ደግሞ ሁለቱንም ስትሰማ ታድር ነበር። ቧንቧው ጨው የሆነ ጊዜ ወዲያው ነው የገባት፤ ገጠር ሳለች የአባቷ የአትክልት ቦታ በጨው ውሃ ሲጠፋ አይታለች። «ለኔ የጨው ውሃ ምን ያደርገኛል? በልጅነታችን ከእንቁራሪት ጋር ተጋፍተን ነው የጠጣነው። ሁለት የወሰድኩት ውሃው የሚበቃው ለሁለት ስለሆነ ነው። ለስድስት ቢበቃ ስድስቱንም እወስድ ነበር።»

ዙልማ እናቷን ልትቆጣ ፈለገች፤ እግሯ ሥር ወድቃ ልታለቅስም ፈለገች፤ ሁለቱም አልወጣላትም። በመጨረሻ ከአፏ የወጣው ሌላ ነገር ነው። «ጠዋት ጠዋት ኢሪስን ምን እንደሚላት ትሰሚያለሽ» አለች።

«እሰማለሁ።»

«እና ዝም አልሽ።»

«ብናገር ውሃውን ከተክሎቹ ይነጥቅ ነበር። እሷ ጠንካራ ናት፣ ትችለዋለች።» ኒቢያ የቀሚሷን ጫፍ በጣቷ ታሻሽ ጀመር። «እንዳትነግሪው። ሁለቱ ሊያብቡ ነው። አንድ ወር ብቻ።»

ዙልማ ተነሳች። በዕድሜዋ እናቷን እምቢ ያለችበት ጊዜ ትንሽ ነው፤ ያም ቢሆን ከቤት ስትወጣ፣ ባል ስትመርጥ፣ እንጂ ፊት ለፊት ተቀምጣ አይደለም። ብርጭቆውን በእጇ እንደያዘች ወጣች።

ምሳው ምስር ከቋሊማ ጋር ነበር። አራቱም ኩሽና ውስጥ ክብ ብለው ተቀመጡ። ኤልቢዮ ወገቡ ስለማይታጠፍ ወንበሩ ላይ ትራስ ይደረግለታል፤ ትራሱን ያደረገችለት ኢሪስ ናት፤ አመሰግናለሁ አላላትም። ስለ ዳቦ ዋጋ ተወራ። ነገ ይዘንባል ተብሏል ተባለ፤ ባለፈው ሰኞም ተብሎ ነበር ተባለ። ኒቢያ ማንኪያዋን እያዞረች ትልቋን ልጇን በዓይኗ ትለምናለች። ዙልማ ዳቦዋን ቆርሳ አስቀመጠችና ጨው ነው አለች። አራቱን የሚያቃጥላቸው ጨው ነው፤ ምግብ አልጎደላቸውም፤ እንደውም በዝቶባቸዋል፤ ውሃውም በዝቶባቸዋል። ኢሪስ አጠጪ የተባለችውን አጠጣች፤ የተሰጣትን ውሃ ሰጠች። ሁለቱ ያልነደዱት ደግሞ ከቧንቧው ስላልጠጡ ነው።

«ከየት ጠጡ ታዲያ?» አለ ኤልቢዮ።

ዙልማ ብርጭቆውን ጠረጴዛው መሃል አደረገችው። «የእማዬን ውሃ እነሱ ጠጡ። የእነሱን እሷ ጠጣች። ሁለት ወር።»

 ማጣሪያው በኩል አንድ መኪና ጥሩምባውን ነፋና አለፈ። ኤልቢዮ ብርጭቆውን አንስቶ ቀመሰው፤ ቀምሶ አስቀመጠውና እናቱን ሳይሆን የገበታውን ጨርቅ አየ። መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው ኢሪስ ናት። ከወንበሯ ተነስታ ከአማቷ እግር ሥር በርከክ አለች፤ የተቀደደውን ጫማ አወለቀች፤ እግሩን ጭኗ ላይ አድርጋ በአውራ ጣቷ ቁርጭምጭሚቱን ተጫነችው። ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ፤ ሊጥ ላይ እንደተጫኑት። ሁሉም አዩት።

«ራስዎን ያምዎታል ዶኛ ኒቢያ?» አለቻት።

«ትንሽ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ኒቢያ ጫማዋን ለማንሳት እጇን ዘረጋች። ኢሪስ ጫማውን መልሳ አጠለቀችላትና የዶን ሩፊኖን በር ልታንኳኳ ወጣች፤ መኪና ያላቸው እሳቸው ናቸው።

ክሊኒኩ ሲደርሱ የኒቢያ ግፊት መቶ ዘጠናን አልፎ ተገኘ። ሐኪሟ ወጣት ነበረች፤ በዚያን ሰሞን ብዙ እንዲህ ያለ ስላየች አልደነገጠችም፤ ግን ለምን የተፈቀደላትን ውሃ እንዳልጠጣች ጠየቀች። ማንም እንደማይመልስላት ስታይ ራሷን ብቻ ነቀነቀች። ለኒቢያ ክኒን ተሰጣት፤ ግፊቷ እስኪወርድ ድረስ እዚሁ ተኝታ ትቆይ ተባለ። አብሯት አንድ ሰው ብቻ ይግባ ሲባል ኤልቢዮ ወደፊት ተራመደ፤ እናቱ ግን የያዘችው የኢሪስን ክንድ ነበርና ኢሪስ ገባች።

ወንድምና እህት ኮሪደሩ ላይ ቀሩ። አግዳሚ ወንበሩ ብረት ስለሆነ ኤልቢዮ አልተቀመጠም፤ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ዙልማም አጠገቡ ቆመች። በሽተኞች ገቡ፤ በሽተኞች ወጡ። ከብዙ ጊዜ በኋላ የነደዱትን ማዳን ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቃት። ዙልማ ደሟ ፈላ፤ እናቱ እዚያ ተኝታ እሱ ስለ ተክል ይጠይቃል። ያም ሆኖ የተጠየቀችውን መለሰች። ጨዉን አጥቦ ለማውጣት ለአንዱ ባልዲ ብቻ ሠላሳ ሊትር ንጹሕ ውሃ ያስፈልጋል፤ ለአራቱ መቶ ሃያ። ሁለቱን ለማቆየት ግን በሳምንት አሥር ሊትር ይበቃል፤ እሱን ከእርሻው ጉድጓድ በአውቶቡስ በየእሁዱ ልታመጣለት ትችላለች። ማዳበሪያውን ጨርሶ ይተው። ኤልቢዮ ሰምቶ ሲጨርስ ጣቶቹን አንድ ባንድ ቆጠረ። ከዚያ ድምፁ ተቀይሮ፣ «መቶ ሃያ ሊትር» አለ። «የእማዬ የሁለት ወር ውሃ ማለት ነው።»

ዙልማ አሁን ገና ዞር ብላ አየችው። ዓይኑ ቀልቷል። ትራስ ነክሶ ያድር ነበር ብላ እናቷ የነገረቻት ትዝ አላትና እጇን ክንዱ ላይ አደረገች፤ ከልጅነታቸው ወዲህ አድርጋው አታውቅም። አልሸሸም።

«ስለ ትራሱ ነገረችኝ» አለችው።

«ይሰማል እንዴ?» አለ፣ እንደ ልጅ አፍሮ።

አመሻሹ ላይ ወደ ቤት ተመለሱ። ኒቢያ ወደ አልጋዋ ገባች። ኤልቢዮ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አራቱ ይውጡ አለ፤ እናቱ የምትጠጣውን ውሃ እየቆጠረ እነሱን ሲያይ ሊኖር አይችልም። እሱ ማንሳት አይችልም። ኢሪስ እጇን አጣጥፋ ኩሽናው በር ላይ ቆመች። «እኔ አልነካቸውም» አለች። «የገደላቸው የኔ እጅ ነው ተብሏል። የሌላ ሰው እጅ ይቅበራቸው።» ስለዚህ ዙልማና ዶን ሩፊኖ አንድ አንድ ባልዲ እያነሱ ወደ ጓሮው ማመላለስ ጀመሩ። ሽማግሌው ሲያነሱም ሲያስቀምጡም ያቃስታሉ፤ ሆኖም በመርዳታቸው ደስ ያላቸው ይመስላሉ።

የመጨረሻውን ባልዲ ዶን ሩፊኖ ደረታቸው ላይ አቅፈው ኩሽናው መሃል ሲደርሱ ኤልቢዮ፣ «ኢሪስ፣ ተሳስቻለሁ» አለ።

ኢሪስ ጠረጴዛውን መጥረግ አላቆመችም። «ስለ ምኑ?» አለችው።

ዶን ሩፊኖ ባልዲያቸውን ይዘው ወደ ጓሮው ሾልከው ሊወጡ ሞከሩ። ኢሪስ ግን ጨርቁን አስቀመጠችና አስቆመቻቸው። «ይቆዩ እንጂ ዶን ሩፊኖ። ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሲሰሙ ከርመዋል፤ ይኼንንም ይስሙ።» ሽማግሌው ከነባልዲያቸው ቆሙ፤ የደረቀው ቅጠል አገጫቸውን እየነካ።

ኤልቢዮ በምርኩዙ ላይ ተደገፈ።  «ገደልሻቸው አልኩሽ» አለ። «አልገደልሻቸውም። ያልኩሽን ነው ያደረግሽው። ያልኩሽ ነገር ነበር የተሳሳተው።» ከዚያም፣ «ክፉ እጅ አለሽ ማለቴም» አለ፤ አልጨረሰውም።

ኢሪስ አየችው። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም፤ አልሳቀችም፤ አላለቀሰችም። «እሺ» አለች። «ዶን ሩፊኖ፣ አሁን ያስቀምጡት፣ ወገብዎ እንዳይቀር።»

ያን ጊዜ ከመኝታ ቤቱ የኒቢያ ድምፅ መጣ፤ ቀጭን ነው፣ ግን ግድግዳው እንደሆነ አይከለክልም። «ኢሪስ» አለች። «እኔም ሰምቼ ዝም ብያለሁ። እያወቅሁ ነው።»

 ለባሏ ንግግር ያልጠቆረው የኢሪስ ፊት አሁን ጠቆረ። ዙልማ ከጓሮው በር ሆና አየቻት፤ አንድ ቃል እንዳትናገር ፈርታ ጠበቀች፤ ብትናገርም ባትናገርም እውነቱ የኢሪስ ነበር። ኢሪስ ከመደርደሪያው ንጹሕ ብርጭቆ አወጣች፤ ወደ አማቷ ክፍል ገባች፤ ከትልቁ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልታ ቀዳች። ኒቢያን ከትራሷ ቀና አድርጋ በእጇ አስያዘቻትና አጠገቧ ቆመች። «ይጠጡ» አለቻት። ኒቢያ ጥቂት ተጎንጭታ ልታስቀምጠው ስትል «ሁሉንም» አለቻት። አሮጊቷ እስከ ታች ጠጣችው። ኤልቢዮና ዙልማ በሩ ላይ ደርሰው ይመለከቱ ነበር።

ኢሪስ ባዶውን ብርጭቆ ተቀበለቻትና ደግማ ከጠርሙሱ ቀዳች። ሁሉም ለኒቢያ መሰላቸው። ኢሪስ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ ያ ውሃ ለማን እንደተፈቀደ ማንም ሳያነሳባት፣ እሷም ሳትቸኩል፣ ራሷ ጠጣችው።

«እንዲህ ነበር ለካ ጣዕሙ» አለች።